ከመቅኔው ጋር የገባው

ዴቪድ ቬተር የተጠመቀበት ውሃ እንኳ አስቀድሞ ከጀርም የጸዳ ነበር። ልጁ ሴፕቴምበር 21 ቀን 1971 በሂውስተን ከተማ፣ በቴክሳስ የሕፃናት ሆስፒታል በቀዶ ሕክምና ተወለደ (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የእናቱን ጡት ሳይቀምስ፣ እቅፏንም ሳያውቅ፣ በሰከንዶች ውስጥ ከፕላስቲክ ወደተሠራ ዝግ ክፍል ገባ። ወላጆቹ ካቶሊኮች ናቸውና ጥምቀቱ አልቀረበትም፤ ጠበሉ ግን ሕፃኑ ዘንድ ከመድረሱ በፊት እንደ ቀዶ ሕክምና መሣሪያ መጽዳት ነበረበት። የእናቱ እጅ ያለ ጓንት የነካው ከ12 ዓመት በኋላ፣ ሊሞት ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ነው።

ዓለም ይህን ልጅ የሚያውቀው «የአረፋው ልጅ» በሚል ስም ነው፤ ታሪኩም አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ለማስለቀስ ነው። እኔ እንደ አንድ የኢንፌክሽን መከላከል ጉዳይ ላየው እፈልጋለሁ። ከውጭ የሚመጣ ተህዋስ እንዳይደርስበት የዴቪድን ያህል የተደከመለት ሌላ ሕመምተኛ አላውቅም። የገደለው ቫይረስ ግን በግድግዳው ሾልኮ አልገባም። መድኃኒት ተብሎ ከሌላ ሰው አጥንት ተወስዶ በደም ሥሩ በተሰጠው፣ የደም ሕዋሳት በሚፈልቁበት መቅኔ ውስጥ ተደብቆ ነበር።

ከመወለዱ በፊት የታወቀው

ከዴቪድ በፊት የተወለደው ወንድሙ በሰባት ወሩ ሞቷል። ታላቅ እህቱ ጤነኛ ነበረች። ሐኪሞቹ ከዚህ ተነስተው ለወላጆቹ የነገሯቸው ግልጽ ነው፤ የሚወለደው ወንድ ከሆነ በሽታውን የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ጉድለቱ ያለው በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ሴት ልጅ ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍንላታል፤ እናት ምንም ሳይሰማት ተሸክማው ትኖራለች። ወንድ ያለው አንድ ብቻ ነው።

በሽታው በሕክምናው ዓለም «ስኪድ» በሚል አጭር ስም ይታወቃል፤ በአማርኛ ከባድ ጥምር የበሽታ መከላከል አቅም እጦት ልንለው እንችላለን። «ጥምር» የተባለው ሁለቱም የመከላከያ ክንፎች ስለሚወድቁ ነው። በዴቪድ ዓይነቱ ስኪድ መከላከያውን የሚያዝዙትና ጠላትን የሚያጠቁት የደሙ ቲ ሴሎች ከናካቴው የሉም ለማለት ይቻላል። ፀረ እንግዳ አካል የሚያመርቱት ቢ ሴሎች በቁጥር አሉ፤ ትእዛዝ የሚሰጣቸው ስለሌለ ግን ሥራ ፈትተው ይቀመጣሉ። ይህችን «ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ቢ ሴሎች» የምትል ነገር አንባቢ ይያዝልኝ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስባታለን። ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው ዘረ መል የታወቀው ዴቪድ ከሞተ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ በ1993 ነው። ስድስት የተለያዩ የሕዋስ መልእክቶችን ለመቀበል የሚያገለግል አንድ የጋራ ቁራጭ የሚሠራ ዘረ መል ነው። አንድ ቁልፍ ሲጠፋ ስድስት በሮች አብረው ይዘጋሉ ማለት ነው።

የስኪድ አሳሳች ገጹ ሕፃኑ ሲወለድ ጤነኛ መምሰሉ ነው። እናት በእርግዝናዋ ወራት ያስተላለፈችለት ፀረ እንግዳ አካል ለተወሰኑ ወራት ይከላከልለታል። ያ ስንቅ ሲያልቅ በአፉ ውስጥ የማይለቅ ነጭ የፈንገስ ሽፋን ይወጣል፤ ተቅማጡ አልቆም ይላል፤ ኪሎው ባለበት ይቆማል፤ ከዚያ የሳንባ ምች ይከተላል። ሕክምና ካላገኙ አብዛኞቹ ሁለተኛ ዓመታቸውን አይደፍኑም።

ክፍሉ

ወደ ዝግ ክፍሉ የሚገባ ነገር ሁሉ፣ አየሩም፣ ውሃውም፣ ምግቡም፣ የሽንት ጨርቁም፣ ልብሱም፣ አስቀድሞ ይጸዳል። ዕቃዎች ኤቲሊን ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ በሞላበት ሳጥን ውስጥ በ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለአራት ሰዓት ይቆያሉ። ጋዙ ራሱ መርዝ ስለሆነ ከዚያ በኋላ ከአንድ እስከ ሰባት ቀን አየር ይመታቸዋል። እንግዲህ አስቡት፤ ልጁ አንድ አሻንጉሊት ካማረው እጁ እስኪገባ ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። የሚዳስሰው ሰው ሁሉ በግድግዳው ላይ በተሰፉ ወፍራም የፕላስቲክ ጓንቶች በኩል ነው የሚዳስሰው። ክፍሉን እንደ ፊኛ ወጥሮ የሚያቆመው የአየር መንፊያ ሌት ተቀን ስለሚያጓራ ልጁን ማናገርም ቀላል አልነበረም።

ከግድግዳ አንጻር ከታየ ሥራው ተሳክቷል። ዴቪድ ወንድሙ በሞተበት ዕድሜ ላይ ደረሰ፣ አለፈውም፤ ቆሞ ሄደ፣ አፉን ፈታ፣ ፊደል ቆጠረ። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ከሂውስተን በስተሰሜን ኮንሮ በተባለች ከተማ በሚገኘው የወላጆቹ ቤት ሌላ ክፍል ተሠራለት፤ መመላለሻ የሚሆን ትንሽ ክፍልም ተጨመረ። ከዚያ በኋላ ለሁለትና ለሦስት ሳምንት ቤቱ እየሄደ ከእህቱ ጋር ይጫወት ጀመር።

በአራት ዓመቱ የሆነውን ነገር ግን ከዓመታቱ ሁሉ አስበልጬ አስታውሰዋለሁ። አንድ ሰው በስህተት ክፍሉ ውስጥ ትቶት የሄደውን የመርፌ ጫፍ አግኝቶ ፕላስቲኩን ይበሳሳ ጀመር። የፈለገው መውጣት ነበር ወይስ እንደማንኛውም የአራት ዓመት ልጅ የሚበሳ ነገር መብሳት፣ ማን ያውቃል? ሐኪሞቹና ተንከባካቢዎቹ ጀርም ማለት ምን እንደሆነ፣ ቢነካው ምን እንደሚያደርገው የነገሩት ያኔ ነው። ሌላው ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላ የሚሰማውን ተግሣጽ ዴቪድ እንደ ሞት ፍርድ ሰማው።

በ1977 የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ናሳ ከጠፈርተኞች ልብስ የተቀዳ ልዩ ልብስ ሠራለት። ልብሱ ሁለት ሜትር ተኩል ገደማ በሚረዝም የጨርቅ ቱቦ ከክፍሉ ጋር የተያያዘ ነበር። በዚያው ዓመት ጁላይ 29 ቀን እናቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእቅፏ አስገባችው፤ በልብሱ ላይ ቢሆንም። ልብሱን ሰባት ጊዜ ብቻ ለብሶት ሰውነቱ በለጠው። ናሳ ሌላ ትልቅ ልብስ ሠርቶ ላከ፤ እሱ አንድም ቀን አልተለበሰም። ለእንክብካቤው በጠቅላላው የወጣው ገንዘብ 1.3 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሆነ ይነገራል።

እዚህ ላይ ፍርዴን ልስጥ። ሐኪሞቹ ዝግ ክፍሉን ሲያዘጋጁ ሞኞች አልነበሩም። ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1968፣ ሮበርት ጉድ የሚመሩት የሚኒሶታ ቡድን አንድ የስኪድ ሕፃን ከእህቱ በተወሰደ መቅኔ አድኖ ነበር። የሂውስተኖቹ ስሌትም ይኸው ነው፤ ልጁ ሲወለድ ከጀርም እንጠብቀው፣ የእህቱ መቅኔ ከእሱ ጋር ይመሳሰላል፣ እንተክልለታለን፣ ይወጣል። ወንድምና እህት በመቅኔ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ብቻ ነው። ምርመራው ሲደረግ አልተመሳሰሉም። ክፍሉ ለአጭር ጊዜ መሻገሪያ ተብሎ የተሠራ ድልድይ ነበር፤ ማዶው ሲጠፋ ድልድዩ ቤት ሆነ። በእኔ እምነት ስህተቱ ልጁን ማስገባታቸው ላይ አይደለም፤ «ካልተመሳሰለስ?» የሚለውን ጥያቄ ከልደቱ በፊት አንስተው መልስ ሳይይዙ ማስገባታቸው ላይ ነው። ኢንፌክሽንን በመለየት የምንከላከል ሰዎች ሁሉ የምንወድቅበት ጉድጓድ ነው፤ በሩን የምንዘጋበትን ቀን እናውቃለን፣ የምንከፍትበትን ግን ማንም አልጻፈውም።

ኦክቶበር 1983

ዴቪድ 12 ዓመት በሞላው ጊዜ ሕክምናው አንድ እርምጃ ተራምዶ ነበር። ሙሉ በሙሉ የማይመሳሰል መቅኔ ሲተከል አደጋው የሚመጣው ከለጋሹ ቲ ሴሎች ነው፤ አዲሱን ቤታቸውን እንደ ጠላት ቆጥረው ቆዳውን፣ ጉበቱንና አንጀቱን ያጠቃሉ። እነዚያን ቲ ሴሎች ከመቅኔው ለቅሞ ማውጣት ከተቻለ በግማሽ የሚመሳሰል መቅኔም መተከል ይችላል ተባለ። ኦክቶበር 21 ቀን 1983 የእህቱ መቅኔ ቲ ሴሎቹ ተለይተው ከወጡለት በኋላ በደም ሥሩ ተሰጠው።

የተፈራው አልደረሰም፤ የለጋሹ ሕዋሳት ሰውነቱን አላጠቁም። ሁሉም ሰው በተስፋ ይጠብቅ ጀመር። ወራት አለፉና ዴቪድ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በጠና ታመመ። አተኮሰው፣ አስቀመጠው፣ አንጀቱ እየደማ ክፉኛ አስመለሰው። በጓንት በኩል ሊታከም የሚችል ሕመም አልነበረም። ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1984 ከክፍሉ ወጣ። ከ15 ቀን በኋላ፣ ፌብሩዋሪ 22፣ በ12 ዓመቱ አረፈ።

የአስከሬን ምርመራው ሲደረግ ሰውነቱ በእጢዎች ተሞልቶ ተገኘ። ሕዋሳቱ ውስጥ የነበረው ኤፕስታይን ባር የተባለ ቫይረስ ነው። የዴቪድ ዋና ሐኪም ዊልያም ሺረርና ባልደረቦቻቸው ግኝቱን በ1985 አሳተሙ፤ እጢዎቹ ከአንድ ሕዋስ የተባዙ ሳይሆኑ በልዩ ልዩ ቦታ ለየብቻ የተነሱ ነበሩ።

የቫይረሱ ታሪክ ወደ እኛ ሰፈር ያመጣናል። ዴኒስ በርኪት የተባሉ የቀዶ ሕክምና ሐኪም በካምፓላ፣ ኡጋንዳ ሲሠሩ መንጋጋቸው በእጢ ያበጠ ሕፃናት በብዛት ያዩ ነበር፤ በ1958 ስለዚህ ጻፉ። ከዚያ የተላከ የእጢ ናሙና ለንደን ውስጥ ተመርምሮ ቫይረሱ በ1964 ለዓለም ተገለጠ። የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች መንጋጋ ላይ የተጀመረው ፍለጋ ከሃያ ዓመት በላይ ቆይቶ ሂውስተን ውስጥ ጀርም አይቶ በማያውቅ ልጅ አንጀት ላይ መልስ አገኘ።

ቫይረሱ ብርቅ አይደለም። ከአሥር አዋቂ ከዘጠኙ በላይ ይሸከመዋል፤ በምራቅ ይተላለፋል፤ አንዴ ከገባ በቢ ሴሎች ውስጥ ዕድሜ ልክ ያንቀላፋል። እንቅልፉን የሚጠብቁት ቲ ሴሎች ናቸው። የዴቪድ እህት ፍጹም ጤነኛ ነበረች፤ ቫይረሱም በቅድመ ምርመራው አልታየም። የዛሬዎቹ ላቦራቶሪዎች ጥቂት የቫይረስ ቅንጣት የሚቆጥሩበት ፒሲአር ያን ጊዜ በፈጣሪው ጭንቅላት ውስጥ ገና በዚያው በ1983 የተጸነሰ ሐሳብ ነበር።

የነገሩ ጠማማነት እዚህ ላይ ነው። መቅኔው ሲጸዳ የወጡት ቲ ሴሎች ናቸው፤ ቫይረሱን የሚሸከሙት ቢ ሴሎች ግን አልተነኩም። ልጁን እንዳያጠቁት ተብሎ የተወገዱት ሕዋሳት ቫይረሱን የሚጠብቁት እነዚያው ነበሩ። ተቀባዩ ደግሞ የራሱ ቲ ሴል የለውም፤ ሥራ ፈትተው የተቀመጡ ቢ ሴሎች ግን ሞልተውታል፤ ለቫይረሱ ያልታረሰ ለም መሬት ማለት ነው። ዘበኛው ተሰናብቶ እስረኛው ብቻ ወደ አዲስ ቤት ተዛወረ።

ዛሬ በዚህ መንገድ መቅኔ የሚሰጥ ቡድን ቢ ሴሎቹንም አብሮ ያወጣል፣ ወይም የሚታከመውን ሰው ደም በየጊዜው ለቫይረሱ እየመረመረ ቁጥሩ ከፍ ሲል ቢ ሴሎችን የሚያጠፋውን ሪቱክሲማብ የተባለ መድኃኒት ይሰጣል። ያም ካልበቃ ይህንኑ ቫይረስ ብቻ ለይተው የሚያጠቁ ቲ ሴሎች በላቦራቶሪ ተባዝተው ይሰጣሉ። በዚህ የመጨረሻው ሥራ ስማቸው ከሚጠራ ማዕከሎች አንዱ ያለው ሂውስተን ውስጥ ነው።

ዛሬ ቢወለድ

ዛሬ አሜሪካ ውስጥ ዴቪድን የሚመስል ሕፃን ቢወለድ የሚያድነው ከተረከዙ የተወሰደች ጠብታ ደም ናት። ዊስኮንሲን የተባለው ግዛት በ2008 ሁሉንም አራስ መመርመር ጀመረ፤ በ2018 መጨረሻ ሁሉም ግዛቶች ተከተሉ። ጥቅሙ መድኃኒቱን ማግኘት ብቻ አይደለም፤ ኢንፌክሽን ሳይቀድም ማግኘቱ ነው። በሰሜን አሜሪካ ከ2000 እስከ 2009 ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው 240 የስኪድ ሕፃናት ተጠንተው ነበር። ሦስት ወር ተኩል ሳይሞላቸው የተተከለላቸው ከመቶ 94ቱ ከአምስት ዓመት በኋላም በሕይወት ነበሩ። ከዚያ ዕድሜ ያለፉት፣ ግን ኢንፌክሽን ያልነካቸው ደግሞ 90 በመቶ። ታመው ከዳኑ በኋላ የተተከለላቸው 82 በመቶ። ኢንፌክሽኑ ሳይለቃቸው የተተከለላቸው ግን 50 በመቶ። ከሁሉ ልብ የምለው የሁለተኛውንና የአራተኛውን ልዩነት ነው፤ ዕድሜ ብቻውን ብዙም አልጎዳቸውም፣ የጎዳቸው ተህዋሱ ነው።

ስለዚህ ከምርመራው እስከ ንቅለ ተከላው ባሉት ሳምንታት ያለው ሥራ ሁሉ ልጁን ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ነው፤ ያለ ፕላስቲክ ክፍል። ኒሞሲስቲስ የተባለ ፈንገስ የሚያመጣው የሳንባ ምች እንዳይዘው ኮትሪሞክሳዞል ይጀመርለታል። ይህን መድኃኒት የእኛ አገር ሰው በሚገባ ያውቀዋል፤ ኤችአይቪ በደሟ ካለ እናት ለተወለደ ሕፃን ከስድስት ሳምንቱ ጀምሮ የሚሰጠው ያው ነው፤ የሚከላከለውም ያንኑ ፈንገስ ነው። የፈንገስ መድኃኒትና ከለጋሾች ደም የተጣራ ፀረ እንግዳ አካል ይጨመርለታል። ደም ካስፈለገው በጨረር የታከመ፣ ሳይቶሜጋሎ የተባለው ቫይረስ የሌለበት ደም ነው የሚሰጠው። እናትም ለዚሁ ቫይረስ ትመረመራለች፤ ካለባት ቫይረሱ በወተቷ ስለሚያልፍ ጡት ማጥባቱ ይቆማል። ስለ ዘረ መል ሕክምና ለመናገር ሌላ ጽሑፍ ያስፈልጋል፤ በፓሪስና በለንደን መጀመሪያ ከታከሙት 20 ልጆች አምስቱ በሕክምናው ሳቢያ የደም ካንሰር እንደያዛቸው፣ ከዚያ ወዲህ ግን ዘዴው እንደተሻሻለ ብቻ ልጥቀስ።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ግን ለእኛ ይለያል። ዴቪድ ሲወለድ ያልተወጋው፣ የአዲስ አበባም የወልዲያም ሕፃን ሲወለድ የሚወጋው ቢሲጂ። ክትባቱ የደከመ ነገር ግን ሕይወት ያለው ባክቴሪያ ነው። የፖሊዮ ጠብታውም፣ በስድስትና በአሥር ሳምንት የሚሰጠው የሮታ ቫይረስ ክትባትም ሕይወት አላቸው። ለጤነኛ ሕፃን ይህ ጥቅማቸው ነው፤ ለስኪድ ሕፃን ግን ጠላቱን በእጃችን መስጠት ነው። ከ17 አገሮች የተሰበሰቡ ቢሲጂ የተወጉ 349 የስኪድ ሕሙማን ሲታዩ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ክትባቱ ራሱ በሽታ ሆኖባቸዋል፤ በመጀመሪያው ወራቸው የተወጉት ደግሞ ይበልጥ ተጎድተዋል።

እንዲህ ማለቴ ቢሲጂ ይቅር ማለት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ባለበት አገር ወደ አንጎል የሚሄደውን ነቀርሳ ከሕፃናት የሚያርቀው እሱ ነው፤ ስኪድ የሚይዘው ግን ከብዙ አሥር ሺህ ሕፃናት አንዱን ነው። ለሁሉም የሚሆን የአራስ ምርመራ በሌለበት ጊዜ የሚቀረን እንግዲህ ትንሽ ትንሽ ነገር ነው፤ ሲደመር ግን ትንሽ አይደለም። በክንዱ ላይ ያለው የክትባት ቁስል ለወራት የማይድን፣ በብብቱም እጢ የሚያብጥበት ሕፃን። የአፉ ነጭ ሽፋን በመድኃኒት ሄዶ በሳምንቱ የሚመለስ። በደረት ራጅ ላይ በዚህ ዕድሜ መታየት ያለበት፣ ቲ ሴሎች የሚበስሉበት የቲመስ እጢ ጥላ የሌለው። ከሁሉ ይልቅ የማዝንበት ግን ሲቢሲ የምንለው ተራ የደም ቆጠራ ነው። ወረቀቱ ላይ ቲና ቢ ሴሎችን የሚያካትተው የሊምፎሳይት ቁጥር ተጽፎ ሳለ ዓይናችን ሄሞግሎቢኑንና ጠቅላላ ነጭ የደም ሴሉን አይቶ ያልፋል። በመጀመሪያ ወራቱ ላለ ሕፃን ሊምፎሳይት በአንድ ማይክሮ ሊትር ከ3000 በታች ከሆነ ቆም ብሎ መድገምና መጠየቅ ያስፈልጋል። ለአዋቂ ደህና የሆነው ቁጥር ለጨቅላ ደህና አይደለም፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ላይ የታተመው የጤነኛ ሰው መጠን ግን ብዙ ጊዜ የአዋቂው ነው።

ምንም ላቦራቶሪ የማይፈልግ አንድ ጥያቄም አለ። የዴቪድን ወላጆች ያነቃቸው የመጀመሪያ ወንድ ልጃቸው ሞት ነው። እኛ ዘንድ ሕፃን ሲሞት «እግዜር ወሰደው» ተብሎ ይቀበራል፤ ምክንያቱ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ክትባቱ ከመወጋቱ በፊት፣ የአዋላጇ እጅ ገና መርፌውን ሳያነሳ፣ እናቲቱን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ነው፦ «በእናትዎ ወገን፣ ከወንድሞችዎ ወይም ከአጎቶችዎ፣ በሕፃንነቱ የሞተ ወንድ ልጅ ነበረ? ከእርስዎስ ከዚህ በፊት የተወለደ?»